ለቢራ ታንከሮቻችን የማጠቢያ ፓምፕ የገዛንበት የተክለ ሃይማኖቱ ሱቅ

በሜክሲኮ አደባባይና በልደታ መካከል በሚገኘው አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ቤታችን ውስጥ ባለ 1,000 ሊትር አራት ማብላያ ታንከሮችና ባለ 2,000 ሊትር አንድ ማቆያ ታንከር አሉ፤ ቢራውን እዚያው ጠምቀን፣ እዚያው አብርደን፣ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ለእንግዶቻችን እናቀርባለን። ለእነዚህ ታንከሮች በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ሁለት የማጠቢያ ፓምፖች ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ከስምንት ወር በላይ አላገለገለንም፤ ሁለተኛው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከሚገኝ፣ ለምግብና ለመጠጥ አምራቾች ዕቃ ከሚያቀርብ ሱቅ የተገዛ ሲሆን አሁን ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ሱቅ አገልግሎትና የሸጠልንን ፓምፕ የሚመዝን ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ግዢ ለምን እንደከሸፈ ሳይነገር ሁለተኛው ለምን እንደተሳካ ማስረዳት ስለማይቻል ከዚያ እጀምራለሁ።

እናቶቻችን የጠላ ጋን የሚያጥቡት በግራዋ ቅጠል እያሹና ደጋግመው እያለቀለቁ ሲሆን በመጨረሻም በወይራ ጭስ ያጥኑታል። እጃቸው እስከ ጋኑ ሆድ ድረስ ስለሚገባ ያልጠራውን ቦታ በጣታቸው ዳስሰው ያውቁታል። የእኛን የብረት ታንከር ግን ማንም እጁን አስገብቶ አያሸውም፤ የእጁንም የግራዋውንም ሥራ የሚሠራው፣ ከታንከሩ አናት ከተንጠለጠለችውና ስፕሬይ ቦል ከምንላት ባለ ብዙ ቀዳዳ የብረት ኳስ ወጥቶ ግድግዳውን እያለበሰ የሚወርደው የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ነው። ያንን ውሃ በሚገባው መጠንና ግፊት ወደ ኳሷ የሚያደርሰው ደግሞ ፓምፑ ብቻ ነው። ፓምፑ ልኩን ከሳተ ለብቅሉ፣ ለእርሾውና ለሙቀቱ ቁጥጥር ያደረግነው ጥንቃቄ ሁሉ በቆሸሸ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይባክናል። በ1915 ዓ.ም. እንደተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ያሉ ትላልቅ ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ የራሳቸው መሐንዲሶች አሏቸው፤ እንደ እኛ ያለ ትንሽ ጠማቂ ግን የሚገዛው የሻጩን ቃል አምኖ ስለሆነ የሻጩ እውቀት ከዕቃው ተነጥሎ የሚታይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያውን ፓምፕ የሸጠልኝ ነጋዴ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ትልቁ ታንከር ስንት ሊትር እንደሚይዝ። 2,000 ሊትር መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው ከአምስት ተኩል ፈረስ ጉልበት በታች አይሞክሩት፤ ቢበዛ እንደሆን አይጎዳም» አለኝ። እኔም ይህን አባባል ሳልመረምር ተቀበልኩት፤ ብዙ ሰዎችም እንደ እኔ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ለታንከር ማጠቢያ ግን የበዛ ፓምፕ ይጎዳል፤ እንዴት እንደሚጎዳም በየሳምንቱ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስፕሬይ ቦሏ በደንብ የምትሠራው ከ1.5 እስከ 2 ባር ባለው ግፊት ሲሆን የእኛ መለኪያ 4 ባር ያሳይ ነበር። በዚህ ግፊት ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ውሃ ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳውን በመምታት ፈንታ እንደ ጉም ተበታትኖ በአየር ላይ ይቀራል። በማብላላት ጊዜ አረፋው በሚደርስበት ከፍታ ላይ የሚጣበቀው የእርሾና የሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚያገለግለው ተክል) ቀለበት ደግሞ ጉም የሚያነሳው ቆሻሻ አይደለም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። በደቂቃ 200 ሊትር ያህል ወደ ታንከሩ ሲገባ ከታች ያለው ባለ 1.5 ኢንች መውጫ ያን ሁሉ ማሳለፍ ስላልቻለ ውሃው በሾጣጣው ወለል ላይ ይጠራቀም ነበር። የተጠራቀመ ውሃ ያረፈበትን ግድግዳ አያጥብም፤ የሚያጥበው እየተንሸራተተ የሚወርደው ስስ ውሃ ነውና። የኮስቲክ መያዣችን የሚይዘው 200 ሊትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይጎድልና ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ሠራተኛችንም ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆሞ ሲያበራና ሲያጠፋ ይውላል። አየር የሚስብ ፓምፕ የዘንጉን ማሸጊያ ያቃጥላል፤ የእኛም ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። በዚያ ወቅት ሁለት ዙር ጠመቃ ኮምጥጦብን ወደ ፍሳሽ ደፍተናል፤ ያን ቀን በመጥመቂያ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዝምታ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ወደ ተክለ ሃይማኖቱ ሱቅ የሄድኩት አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ባለቤት ጠቁሞኝ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ፣ ፊቱ ጠባብ፣ ከኋላው ግን ሰፊ ግቢ ያለው ነው። የተቀበለችኝ ወጣት መሐንዲስ እኔ ገና «2,000 ሊትር» ብዬ ስጀምር በትሕትና አቋረጠችኝና «ጋሼ፣ ሊትሩን ለጊዜው ይተዉትና የታንከሮቹን ወገብ ይንገሩኝ» አለችኝ። የታንከሮቻችንን ወገብ አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ ሜትር ይዤ ለክቼ ተመለስኩ፤ ትንንሾቹ ታንከሮች የ1.2 ሜትር ዲያሜትር ስላላቸው ዙሪያቸው 3.77 ሜትር፣ ትልቁ የ1.4 ሜትር ዲያሜትር ስላለው ዙሪያው 4.4 ሜትር ነው።

የዚህ መጠየቅ ምክንያት ቀላልና አሳማኝ ነው። ውሃው ከአናት ወርዶ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ማልበስ ያለበት በዙሪያው ሁሉ ስለሆነ የሚያስፈልገው መጠን የሚወሰነው ታንከሩ በሚይዘው ቢራ ሳይሆን በዙሪያው ርዝመት ነው። ቆሞ ለሚሠራና የማትሽከረከር ስፕሬይ ቦል ላለው ታንከር በሙያው የታወቀው ልክ ለእያንዳንዱ ሜትር ዙሪያ በደቂቃ ከ30 እስከ 35 ሊትር ነው። በዚህ መሠረት ለትንንሾቹ ታንከሮች በደቂቃ ከ113 እስከ 132 ሊትር፣ ለትልቁ ከ132 እስከ 154 ሊትር ይበቃል። ታንከሩ የሚይዘው ቢራ እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው የማጠቢያ ውሃ የጨመረው በአንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ስመለከት የመጀመሪያው ነጋዴ ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ እንደነበረ ገባኝ። መሐንዲሷ ለሁሉም የሚሆን ብላ የወሰደችው በሰዓት 9 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በደቂቃ 150 ሊትር ነበር።

ከዚያ በኋላ የፓምፕ ነጋዴዎች ሄድ ወደሚሉት ወደ ግፊቱ ከፍታ ገባን። ውሃው ከፓምፑ እስከ ስፕሬይ ቦሏ 3 ሜትር ይወጣል፤ በ15 ሜትር ቱቦ፣ በክርኖቹና በቫልቮቹ ውስጥ በመታሸት ወደ 5 ሜትር ያህል ይጠፋል፤ ኳሷ ራሷ ደግሞ 1.7 ባር ትፈልጋለች፤ ይህም የ17 ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 25 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የምንፈልገው በሰዓት 9 ሜትር ኩብ እየሰጠ 25 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው ምንም ትርጉም የላቸውም። ብዙ ፓምፖች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛው የውሃ መጠን ግፊቱ ከምንም በማይቆጠርበት ጊዜ የሚገኝ፣ ከፍተኛው ግፊት ደግሞ አንድም ጠብታ በማይወጣበት ጊዜ የሚገኝ ስለሆነ ገዢው በእነዚህ በሁለቱ ተማምኖ መግዛት የለበትም። ይህች መሐንዲስ ፓምፑ በየግፊቱ ስንት ውሃ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን መስመር ግራፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእርሳስ ነጥቡን አሳየችኝ፤ ይህን ያደረገልኝ ሌላ ሻጭ በከተማችን አላጋጠመኝም።

እኔም በበኩሌ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ግፊቱ በቱቦ እንዳይባክን ቱቦውን ከ1.5 ወደ 2 ኢንች ላሳድገው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አልተስማማችም። ቱቦው ራሱ እንዲጸዳ ውሃው በውስጡ በሰከንድ ቢያንስ 1.5 ሜትር መሮጥ አለበት፤ በባለ 1.5 ኢንቹ 9 ሜትር ኩብ በሰዓት ሲያልፍ በሰከንድ 2.6 ሜትር ይሮጣል፣ በባለ 2 ኢንቹ ግን ወደ 1.4 ሜትር ይወርዳል። ታንከሩ ጸድቶ ቱቦው ቆሻሻ ሲይዝ ቀጣዩ ቢራ የሚያልፈው በዚያው ቱቦ ነው። የቧንቧ ስፋት ምርጫ ከፓምፑ ምርጫ ተለይቶ የሚታይ እንዳልሆነ የተማርኩት በዚህ አጋጣሚ ነው።

የዚህን ሱቅ ዋጋ በዓይኔ ከፍ ያደረገው ግን ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ያነሱልኝ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህንን ባቄላና ሽሮ የሚያበስል ሁሉ ባያሰላውም ይኖርበታል። ለፓምፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓምፕ ውሃን ወደ ራሱ ሲስብ የሚረዳው የአየሩ ግፊት ሲሆን ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ወደ መፍላት ስለሚቀርብ ያ እርዳታ ይቀንሳል። 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ዳርቻ ባለ አገር በፓምፑ መግቢያ ላይ ከመፍላት የሚጠብቀው 5.7 ሜትር ያህል የግፊት መጠባበቂያ ሲኖረው በአዲስ አበባ የሚቀረው 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ቱቦው ድርሻውን ይወስዳል። መጠባበቂያው ፓምፑ ከሚፈልገው በታች ሲወርድ ውሃው በኢምፔለሩ፣ ማለትም በፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን በሚገፋው ጎማ አፍ ላይ ይፈላል፤ የተፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎችም ወደ ውስጥ ገብተው ሲጨፈለቁ ብረቱን ይበሉታል። የመጀመሪያው ፓምፓችን ትኩስ ኮስቲክ ሲገፋ ጠጠር የዋጠ ያህል ሲንኳኳ የነበረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ በኋላ ፈትተን ስናየው ኢምፔለሩ ነቀዝ የበላው እንጨት መስሎ ነበር።

መፍትሔው ሌላ ትልቅ ፓምፕ መግዛት አልነበረም። የኮስቲክ መያዣውን በብረት መቆሚያ አንድ ሜትር ከፍ እንድናደርገው፣ የመሳቢያውን ቱቦ ብቻ ባለ 2 ኢንች አድርገን እንድናሳጥረው፣ ውሃውንም ከ80 ዲግሪ ይልቅ በ70 ዲግሪ እንድንጠቀም መከሩን፤ በ70 ዲግሪ መጠባበቂያው ወደ 4.7 ሜትር ከፍ ይላል። ሁለት በመቶ ኮስቲክ በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሲዞር የእኛን ቆሻሻ በሚገባ ያነሳዋል። በተጨማሪም በመግቢያው ከ2 ሜትር በታች መጠባበቂያ ብቻ የሚፈልግ ፓምፕ መረጡልን።

ሞተሩንም በዚሁ ዓይን መዘኑት። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። በስሌቱ 1.5 ኪሎዋት ይበቃ የነበረ ቢሆንም ባለ 2.2 ኪሎዋቱን፣ ማለትም ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበቱን ወሰድን። ከእርሱ ጎን ዋጋው ዝቅ ያለ ሌላ ፓምፕ ነበረ፤ በሞተሩ ታርጋ ላይ 60 ሄርዝ ተጽፎበታል። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ያ ፓምፕ እዚህ የሚሰጠው ውሃ ከተጻፈው ወደ አምስት ስድስተኛ፣ ግፊቱ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ራሳቸው ነግረው ከለከሉኝ። ሊሸጡት የሚችሉትን ዕቃ ለእኔ እንደማይሆን መናገራቸውን ከልብ አከብራለሁ።

ፓምፑን ከመረከቤ በፊት ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ሞከርነው። መውጫው ላይ ቫልቭና የግፊት መለኪያ ገጥመው፣ ቫልቩን መለኪያው 2.5 ባር እስኪያሳይ ድረስ አጠበቡትና ባለ 200 ሊትር በርሜል በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በሰዓት ለካን፤ 80 ሰከንድ ወሰደ፤ ይህም በትክክል በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ነው። ከማንኛውም የዋስትና ወረቀት ይልቅ ይህ ሙከራ አሳምኖኛል፤ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ እንዲጠይቀው እመክራለሁ። ቫልቭ፣ መለኪያ፣ በርሜልና ሰዓት በየትኛውም ሱቅ ይገኛሉ።

ለትንንሾቹ ታንከሮች ፍጥነቱን ለመቀነስ ከፓምፑ ጋር ኢንቨርተር፣ ማለትም የመብራቱን ሄርዝ እየለወጠ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ገዛን። በ42 ሄርዝ አካባቢ ሲዞር ውሃው ወደ 7.5 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ የሚበላው ጉልበትም ከሙሉው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ይሆናል። በቫልቭ አንቆ ከመቀነስ ይህ እጅግ የተሻለ ነው። በውሃም በኩል የተጠቀምነው ብዙ ነው፤ በአካባቢያችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንታጠበው ከሮቶ ነው፤ አሁን የመጀመሪያውን ማለቅለቂያ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያልን ሦስት ጊዜ በመልቀቅና በየመካከሉ እስኪፈስስ በመጠበቅ በ225 ሊትር እንጨርሳለን።

ውጤቱን በግምት አልተውኩትም። ሪቦፍላቪን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ2 በአንድ ሊትር ውሃ 0.2 ግራም ሂሳብ አሟሟን፣ የታንከሩን ውስጥ በሙሉ ረጨንበትና ፓምፑን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አንዴ አዞርነው፤ ከዚያም መብራት አጥፍተን ገንዘብ ተቀባያችን የብር ኖት በምትፈትሽበት ሰማያዊ መብራት ተመለከትን። ያልታጠበ ቦታ ካለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በአራቱ ትንንሽ ታንከሮች ምንም አላየንም፤ በትልቁ ግን ከሰው መግቢያው በር አንገት ሥር የጣት ስፋት ያህል ቦታ አበራ። ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን የስፕሬይ ቦሏ አቀማመጥ ነበረ፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስናደርጋት ጠራ።

ስለ ሱቁ የማዝንባቸው ነገሮችም አሉ። ዕቃው የደረሰን ቃል ከተገባልን ቀን በዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ነው፤ በእነዚያ ቀናት አንድ ዙር ጠመቃ ለማስተላለፍ ተገደናል። ከፓምፑ ጋር ከመጡት ጓርኒሲዮኖች መካከል ሁለቱ የቫይተን ሆነው ተገኙ፤ ቫይተን ትኩስ ኮስቲክ አይችልም፣ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ መሆን ነበረበት። ደውዬ ስናገር በማግሥቱ ቀይረው ላኩልኝ፤ ሆኖም እኔ ባላውቀው ኖሮ በጥቂት ወራት ውስጥ አብጠው ያፈስሱ ነበር። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ያለ ኢንቨርተሩ እንኳ ከመጀመሪያው ፓምፕ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስለ ታንከሩ መጨማደድ አንድም ቃል አለመናገራቸው ነው። ከማብላላት በኋላ በታንከሩ ውስጥ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኮስቲክ ጋር ሲገናኝ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ ጋዙ ከመጥፋቱ የተነሳ በተዘጋ ታንከር ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ኮስቲኩም ኃይሉን ያጣል። በትኩስ ውሃ ከታጠበ ታንከር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅም እንፋሎቱ በቅጽበት ስለሚጠብ ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ ስስ የብረት ግድግዳ እንደ ጣሳ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኛ ጋዙን አስቀድመን ስለምናስወጣና ሲታጠብ የላይኛውን በር ክፍት ስለምናደርግ ጉዳት አልደረሰብንም። ይሁን እንጂ ጠንካራ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ይህንን ለገዢው አስቀድሞ የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለመሐንዲሷም ይህንኑ ነግሬያታለሁ፣ ማስታወሻዋ ላይም ጽፋዋለች።

በሰባቱ ወራት ውስጥ ፓምፑ አንድም ጊዜ አልቆመም፤ ድምፁ እንደመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው፣ የዘንጉ ማሸጊያም ጠብታ አላሳየም። ከታንከሩ ሥር ውሃውን ወደ መያዣው የሚመልስ ሁለተኛ ፓምፕ ከዚያው ሱቅ አዝዣለሁ፤ እርሱ ከሚገባው ውሃ ጥቂት የሚበልጥ መሳብና አየር ሲቀላቀልበትም ሳይቆም መሥራት ስላለበት በራሱ የሚስብ ዓይነት እንዲሆን ተስማምተናል። በዚህኛው ትዕዛዝ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የታንከሩ መውጫ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ነበር፤ እኔም ለክቼ ይዤ ሄጄ ነበር፤ 45 ነው።